ክብደቱ የት ነው ያለው?

እንጀራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ረሆቮት ውስጥ፣ በቅርያት ሞሼና በአካባቢዋ፣ ከቤት ቤት እየዞርኩ አቅም ያነሳቸውን ከአልጋ አነሣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። ማታ ሲሆን እርሳስ ይዤ ሰው እሥላለሁ። የምከተለው የጥንቱን የአካዳሚ መንገድ ነው፤ በቅድሚያ ልክና ሚዛን፣ ቀጥሎ ብርሃንና ጥላ፣ ዝርዝሩ ግን መጨረሻ። ሠዓሊ ተብዬ የምጠራ አይደለሁም። የጀመርኩትም ልጆቼ ራሳቸውን ከቻሉ በኋላ ነው። «ቫን ጎኽ እኮ ሥዕልን ሥራዬ ብሎ የያዘው በ27 ዓመቱ ነው» እያሉ የሚያጽናኑኝ ነበሩ። 27ን ካለፍኩ ብዙ ስለሆነኝ ማጽናኛው ብዙም አልያዘልኝም።

ከዚህ በታች ያለው «እጄ አይታዘዝልኝም» ብሎ እርሳሱን ለማስቀመጥ ለተቃረበ ሰው ይጠቅም ይሆናል። እኔም ችግሩ ከእጄ ይመስለኝ ነበር።

1. ፊት ይቆይ።

ጀማሪ ሁሉ ከዓይን ይጀምራል፤ እኔም እንዲያው። ቅንድቡን፣ ሽፋሽፍቱን፣ ከንፈሩን አንድ በአንድ አሳምሬ ቀና ስል ወረቀቱ አልቋል። ገላው ከአገጭ በታች ቦታ አጥቶ ይኮማተራል፤ እግር የሚባል ነገርማ አይደርሰውም።

እንዲህ የሆንኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ያደግነው ዓይን በሚናገርበት ሥዕል መካከል ነው። የጎንደር ልጅ የየትኛውም ሃይማኖት ቤት ይደግ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያውቃል፤ ጻድቁ ፊቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ተመልካቹ ያዞራል፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሉት፤ ክፉው ግን በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ያ የራሱ ሕግ ያለው ታላቅ ሥዕል ነው፤ ዓላማውም ፊት ለፊት የተቀመጠን ሰው መምሰል አይደለም። እኔ ግን ከፊቴ ያለውን ሰው እሥላለሁ እያልኩ በልቤ ይዤው የመጣሁትን ዓይን ነበር የምገለብጠው። ሞዴሉ ዓይነ ጠባብ ሆኖ ሳለ ወረቀቴ ላይ ዓይኑ ጎላ ጎላ ብሎ ይወጣል።

የምማርበት የማታ የሥዕል ክፍል መምህራችን ለተወሰነ ጊዜ ከአገጭ በላይ እንዳንነካ ከለከለን። ለራስ ቅሉ ሞላላ ክብ ብቻ፤ አለቀ። ተናደድኩ፤ አንግርን ጠቅሼ ተከራከርኩ። አንግር ናፖሊዮን በ1815 ከወደቀ በኋላ ሮም ላይ የመንገደኞችን መልክ በእርሳስ እየሣለ የኖረ ፈረንሳዊ ነው፤ ፊቱን አጥርቶ ይሠራና ልብሱን በጥቂት መሥመር ያልፈዋል። «ታዲያ እሱ ለምን ፊት ላይ ይደክማል?» አልኩ። መምህሩ የክርክሩን መልስ አልሰጠኝም። የአንግርን ሥዕል ቅጂ አምጥቶ ፊቱን በቁራጭ ወረቀት ሸፈነና «ይህ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደልደል ብሎ የተቀመጠ፣ አንድ ክንዱን ዘና አድርጎ የጣለ፣ ሰው ቶሎ እንዲነሣለት የለመደ ጌታ ነበር። ፊቱ ሲገለጥ የጨመረልኝ ነገር ስሙን ያህል ነው። እነዚያ «ጥቂት መሥመሮች» ሥራቸውን ቀድመው ጨርሰዋል።

2. ክብደቱ የት እንዳለ ሳላውቅ መሥመር አልጀምርም።

ከሁሉም የዘገየሁበት ይህ ነው። የሚያስቀው ደግሞ ድሮም የማውቀው ነገር መሆኑ ነው።

አንድን አረጋዊ ከወንበር ለማስነሣት መጎተት አይገባም። መጀመሪያ እግራቸውን ወደ ወንበሩ ሳብ ማድረግ ነው፤ ተረከዛቸው ከጉልበታቸው ሥር ገባ እንዲል። ከዚያ ወደ ፊት ጎንበስ ይላሉ። አፍንጫቸው ከእግራቸው ጣቶች በላይ ሲደርስ፣ ያኔ ብቻ፣ መቀመጫቸው በራሱ ከወንበሩ ይለቃል፤ የእኔ እጅ አቅጣጫ ከማሳየት ያለፈ ሥራ የለውም። ከዚያች ቅጽበት አስቀድሞ የጎተተ ሰው ወገቡ ይቀጫል፣ አረጋዊውም ይወድቃሉ። ይህን ስሠራ ስንት ዓመቴ ነው፤ ግን ከሥዕል ጋር ይገናኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ክፍል ውስጥ ሞዴሉ በአንድ እግሩ ተደግፎ ሲቆም እኔ የምሥለው ሰው ሁልጊዜ ወደ ጎን ሊወድቅ የተቃረበ ይመስላል። ላጲሱን አንሥቼ ክንዱን አስተካክላለሁ፣ ጭኑን አወፍራለሁ፤ ለውጥ የለም። ጥፋቱ ዳሌው ላይ ነበር። የሰው ዳሌ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ስለማውቅ እኩል አድርጌ እሥለዋለሁ። ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም ግን ዳሌው በሚሸከመው እግር በኩል ከፍ ይላል፤ በዚያው በኩል ያለው ትከሻ ደግሞ ዝቅ ይላል፤ አከርካሪው በሁለቱ መካከል ይጎብጣል። ጉሮሮ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ከሚሸከመው እግር ውስጠኛ ቁርጭምጭሚት አናት ላይ ትውላለች። የቀረው እግር ዕረፍት ላይ ነው፤ ጉልበቱ ለቀቅ ይላል። የጥንት ግሪኮች ሐውልት ይህንኑ ይዞ የቆመ ነው፤ መምህሩም ደጋግሞ ነግሮናል። ሰምቼዋለሁ፤ ግን አልገባኝም።

የገባኝ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የማስታምማቸው እማማ አንድ ጉልበታቸው ይታመማል። የመታጠቢያውን ጠርዝ ይዘው ብርጭቆ ሲያለቀልቁ ከኋላቸው ቆሜ ድንገት እንዳይንሸራተቱ እጄን ወገባቸው ላይ አድርጌያለሁ። አንዱ ዳሌ መዳፌን ወደ ላይ ገፋው፤ ሌላው ወረደ። ቀና ስል ትከሻቸው በተቃራኒው ዘምሟል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሣላቸው ሁለቱ ሰያፍ መሥመሮች ይኸው በቀሚስ ውስጥ ቆመዋል። ስንት ዓመት በእጄ ስይዘው የኖርኩትን ነገር ዓይኔ ገና አሁን ሰማ። «ምን ነክቶሽ ነው የምትስቂ ልጄ?» አሉኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው!

ከዚያ ወዲህ አያቴን ብዙ ጊዜ አስታውሳለሁ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሸክላ ትሠራ ነበር። የቤተ እስራኤል ሴቶች እዚያ ከጀበናውና ከእንስራው ሌላ ትንንሽ የሸክላ ሰዎችን ሠርተው ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። የሸክላ ሰው ምቀኛ የማያስፈልገው ዕቃ ነው፤ ክብደቱ ከመቆሚያው ከወጣ በራሱ ጊዜ ወድቆ ይሰበራል። አያቴ ፊቱን በሁለት ቀዳዳና በአንዲት ቁንጥጫ ጭቃ ትጨርሰዋለች፤ መቆሚያውን ግን እየዳሰሰች፣ እያዞረች ትቆይበታለች። እንዲያ መሥራቷን ያኔ ስንፍና አድርጌ አይቼው ነበር።

ይህን ትምህርት በትልቅ ሠዓሊ እጅ ማየት የሚፈልግ የታደሰ መስፍንን ሥራዎች ይመልከት። ታደሰ ሌኒንግራድ፣ በሬፒን ስም በተሰየመው ተቋም ተምረው ሲመለሱ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) አዲስ አበባ ላይ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። «የሕይወት ምሰሶዎች» በተባሉት ሥዕሎቻቸው ላይ የገበያ ሴቶች ቆመዋል። የገላቸው ምጣኔ ከእውነተኛው ሰው ይረዝማል፣ ከበስተኋላ ያለው ቦታ ቀለም ብቻ ነው፤ ሴቶቹ ግን መሬት ረግጠዋል። ሕጉን አጥብቆ የተማረ ሰው የትኛውን ትቶ የትኛውን እንደሚይዝ ያውቃል።

3. መለካት ነውር አይደለም።

ተሰጥኦ ያለው ሰው ዝም ብሎ ዓይቶ ይሥላል ብዬ አምን ስለነበር ስለካ እንዳልታይ እጠነቀቅ ነበር። ግንበኛ ያለ ቱምቢ ግድግዳ ቢያቆም ማንም አያደንቀውም! አሁን ከቦርሳዬ የማይጠፋ ክር አለ፤ ጫፉ ላይ የቤቴን ቁልፍ አስሬያለሁ። አንጠልጥዬ በአንድ ዓይኔ ሳይ ጆሮ ከየትኛው ተረከዝ በላይ እንደዋለ ይነግረኛል።

ርዝመት ደግሞ በእርሳሱ ነው። ክንድን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት (ክንዱ ከታጠፈ ልኩ በየጊዜው ይለያያል)፣ አንድ ዓይን መጨፈን፣ የእርሳሱን ጫፍ ከአናት ጋር፣ አውራ ጣትን ከአገጭ ጋር ማስተካከል። ያቺን ርዝመት ወደ ታች እየቆጠሩ መውረድ ነው። የቆመ ጎልማሳ ወደ ሰባት ተኩል ራስ ይሆናል፤ የቁመቱ እኩሌታም እንብርቱ ላይ ሳይሆን ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ጭን ከሚጀምርበት አጥንት ላይ ይውላል።

አረጋውያኖቼን ስለካ ግን ቁጥሩ ፈረሰ። አከርካሪ በዕድሜ ያጥራል፣ ይጎብጣል፤ ራስ ቅል ግን አያንስም። ሰባት ራስ የማይሞሉ አሉ። መጀመሪያ የለካሁት የተሳሳተ መስሎኝ «አስተካክዬ» ሣልኳቸውና የሠላሳ ዓመት ወታደር ሆነው ወጡ። ሰባት ተኩል የሚጠቅመኝ ይህ ሰው ከዚያ ምን ያህል እንደራቀ ለማወቅ ነው። ዕድሜ ያለው በዚያ ልዩነት ውስጥ ነው፤ የፊት መጨማደድ ላይ ብቻ ፈልጌ ያጣሁትም ለዚህ ነው።

4. ጠይም ገላ ከነጭ ጀሶ በተማሩት ብቻ አይሣልም።

በአካዳሚው መንገድ ከሰው በፊት ጀሶ ይሣላል። ቻርልስ ባርግ ከዣን ሊዮን ዤሮም ጋር ሆኖ ከ1866 እስከ 1871 ያሳተመው የንድፍ መማሪያ 197 ሉህ አለው። መጀመሪያ የጀሶ ቅርፆች፣ ከዚያ የታላላቅ ሠዓሊዎች ንድፎች፣ በመጨረሻ የወንድ ገላ። ቫን ጎኽ እየገለበጠ የተማረበት መጽሐፍ ይህ ነው፤ እኔም አንዲት የጀሶ እግር ላይ ምሽቶቼን ጨርሻለሁ።

ያቺ እግር ያስተማረችኝን አልክድም። ዓይንን ጠበብ አድርጎ ማየት ዝርዝሩን ያጠፋል፤ የሚቀረው ሁለት ነገር ነው፦ ብርሃን የነካውና ያልነካው። ጥላውን በአንድ ቅርፅ ሰብስቤ አንድ ዓይነት ጥቁረት እሰጠዋለሁ። ከጥላው ውስጥ ቀለል ብሎ የሚታይ ቦታ ቢኖር እንኳ፣ ብርሃን ላይ ካለው ከየትኛውም ቦታ አይበልጥም። ይህን ሕግ የጣሰ ንድፍ ገላው ይሰባበራል።

እንግዲህ በዚህ ታጥቄ አንድ የእኛን አባት ሣልኩ። ፊታቸውን በነጭ ወረቀት ጀምሬ ጥላውን በሥርዓቱ አስቀመጥኩ፤ የአበሻ አፍንጫ ያለው የጀሶ ሐውልት ወጣ። «ነጭ አደረግሻቸው» ተባልኩ። በማግሥቱ ለስላሳውን እርሳስ ይዤ ሁሉንም አጠቆርኩት፤ አሁን ደግሞ ፊታቸው ተዘጋ፣ የት አጥንት እንዳለ የት ሥጋ እንዳለ አይለይም።

መልሱን ያገኘሁት ጥቁረቱን ትቼ ማንጸባረቁን ስመለከት ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ብርሃን እንደ ጀሶው በሰፊው አይፈስም፤ ጥቂት ቦታ መርጦ፣ ጠርዙን ለይቶ ያርፋል፦ ግንባር፣ የጉንጭ አጥንት፣ የአፍንጫ ጫፍ፣ የአንገት ግርጌ አጥንት፣ የትከሻ ጉብታ። እነዚያን ነጥቦች ልክ በቦታቸው ወረቀቱን ሳልነካ ከተውኩ፣ በመካከላቸው ያለው ሰፊ ቦታ በጣም በተቀራረቡ ግራጫዎች ሊሠራ ይችላል፤ ገላው ይዞራል። ሁለተኛው ነገር ከበስተኋላ ያለው ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ብቻውን የቆመ ጠይም ፊት ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ የጠቆረ ይመስላል። ስለዚህ ፊቱን ከመንካቴ በፊት ከኋላው ግድግዳውን መካከለኛ ግራጫ አለብሰዋለሁ። የባርግን ሉሆች ዛሬም እወዳቸዋለሁ፤ የእናቴን መልክ ከእነሱ ላይ መፈለግ ግን ትቻለሁ።

5. እርሳስን መጫን አያጠቁርም።

ዛሬ የምንጠቀምበትን እርሳስ አሠራር ያስመዘገበው ፈረንሳዊው ኮንቴ ነው፣ በ1795፤ የግራፋይት ዱቄት ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ መተኮስ። አፈሩ ሲበዛ ይጠነክራል፣ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፤ ኤች እና ቢ የሚሉት ምልክቶች ይህንኑ ነው የሚነግሩት። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ከሁሉ ለስላሳውን ነው። ተጭኜ ሣልኩበት። ወረቀቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ደቀቁና ሌላ ንብርብር አልቀበል አሉ፤ ጥቁሩም ከጎን ሲታይ እንደ ብረት ይብለጨለጫል። ላጲስ አያድነውም።

አሁን በሁለት ኤች ወይም በኤች ቢ እጀምራለሁ። እርሳሱን በመቅረጫ ሳይሆን በቢላ፣ ጫፉን ረጅም አድርጌ እቀርፃለሁ፤ በእጄ ክብደት ብቻ ጭረት በጭረት ላይ እደርባለሁ። እንደ ሊጥ የሚታሸው ላጲስ ለማጥፋት ሳይሆን ነካ አድርጎ ግራጫውን ለማቅለል ነው። ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን የማታ ሰው ነኝ፣ የምቸኩልበት የለኝም።

6. ዕርቃን ገላ ፊት የሚደነግጠው የሚሥለው ነው።

ይህን ለመጻፍ አመነታሁ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰውን ትኩር ብሎ ማየት እንኳ ነውር ነው፣ እንኳን ልብሱን አውልቆ! የመጀመሪያ ቀን ሞዴሉ ካባውን ሲያነሣ ወረቀቴን ነበር የማየው። ለዘመዶቼ «የአበባ ሥዕል እማራለሁ» ብያለሁ፤ ውሸቱ ረጅም ጊዜ ቆየ።

ነገሩ ሌላውንም አስጨንቋል። ቶማስ ኢኪንስ ፊላዴልፊያ ላይ ሴት ተማሪዎች ባሉበት ክፍል የወንድ ሞዴልን ማገልደሚያ በማንሣቱ በ1886 ከሥራው እንዲለቅ ተገድዷል። ፓሪስ ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴቶችን የተቀበለው በ1897 ነው። ዕርቃን ሳይነድፉ ትልልቅ የታሪክ ሥዕል መሥራት አይቻልም ይባል ስለነበር፣ ሴቶች ለብዙ ዘመን አበባና ፍራፍሬ ሲሥሉ የኖሩት በምርጫ ብቻ አልነበረም። (እኔም የዋሸሁት በአበባ መሆኑ ቆይቶ ገረመኝ።)

ሐፍረቴን ያስለቀቀኝ ሥርዓቱ ነው። ሞዴሉን ማንም አይነካም፤ አቋሙ በማጣበቂያ ፕላስተር መሬት ላይ ምልክት ይደረግበታል። በዕረፍት ካባው ይለበሳል፤ ከመድረኩ ላይ እያለ ስለ ገላው አስተያየት አይሰጥም። ሰው ሳጥብ የማደርገው ይህንኑ አይደል? የማጥበውን ክፍል ብቻ እገልጣለሁ፣ ሌላውን በፎጣ እሸፍናለሁ፣ ምን እንደማደርግ አስቀድሜ እናገራለሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላም የቆመው ሞዴል ይደክመዋል፤ የሚሸከመው እግር ይንቀጠቀጣል፣ በሌላው በኩል ያለው ዳሌ ይበልጥ ይወርዳል። እኔም ስለ ድካሙ ማሰብ እጀምራለሁ።

ዕርቃን መንደፍ የጠቀመኝ ይበልጥ ልብስ ስሥል ነው። ነጠላና ጋቢ እንዲሁ የሚፈስሱ ይመስሉኝና እጥፋታቸውን በግምት አበዛው ነበር። እጥፋት ግን ከሚንጠለጠልበት ቦታ ይነሣል፤ ከትከሻ፣ ከታጠፈ ክርን፣ ከጉልበት። ከሥር ያለውን ጉልበት ያላወቀ ጋቢውን አይሥልም።

7. ፎቶ ይረዳል፤ የተቀመጠ ሰው ግን ይበልጣል።

አቪግዶር አሪኻ የሚባል እስራኤላዊ ሠዓሊ በረቂቅ ሥዕል ስም ካወጣ በኋላ በ1965 እሱን ትቶ ሰውንና ዕቃን ፊት ለፊት እያየ፣ በአንድ መቀመጥ መጨረስ ያዘ። ታሪኩን ስሰማ ግትርነት መሰለኝ። እኔ ስልኬ ውስጥ የሞሉ ፎቶዎች ነበሩኝ፤ እነሱን ስገለብጥ የምሥለው ሁሉ ለምን እንደሚንሳፈፍ ግን አልገባኝም ነበር። ስልክ ቀረብ ብሎ ሲያነሣ ፊት ለፊት ያለውን እጅ ያገዝፋል፣ የራቀውን እግር ያሳንሳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውየው ሲደክም አያሳይም።

ስለዚህ አሁን አስፈቅጄ በአካል እሥላለሁ። ሁሉም እሺ አይሉም። አንድ አባት «ቀድሞ ነገር እኔ ምን አለኝና» ብለው ተነሥተው ሄዱ፤ ሌላው እሺ ብለው በተቀመጡበት ያንቀላፋሉ፣ አንገታቸው ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ከአናታቸው ጀምሬ እንደገና እለካለሁ። ቤታቸው ሰሜን የሚያይ መስኮት ካለው መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ፀሐዩ በቀጥታ ስለማይገባ ጥላው ቶሎ አይሸሽም።

በቀደም ጉልበታቸውን የሚታመሙት እማማ ቆመው ይሣሉ ዘንድ ፈቀዱ። ተቀመጡ ብላቸው «ቁጭ ብሎማ ማንም ይሣላል» አሉ። የወንበር መደገፊያ ይዘው ቆሙ፤ ቶሎ ቶሎ ሠራሁ፣ ፊታቸው ላይ ሳልደርስ አስቀመጥኳቸው። ወረቀቱን ሲያዩ ፊት እንደሌለው ምንም አላሉም። በጣታቸው ለቀቅ ያለውን እግር ነክተው «ይቺ ናት፤ ይቺው ናት የምታመኝ» አሉ። ደስታዬን ሳልጨርስ መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«የነጠላዬን ጥለት የት አደረግሽው?»